በካይሮ ሁለት ሌሊት፦ ናይል ዳር፣ ዛማሌክ፣ ፒራሚድ ሥር ወይስ ሄሊዮፖሊስ?

ለቅዳሜና እሑድ ካይሮ ላይ ጥሩ ሆቴል የሚፈልግ ሰው ስልኩን ሲከፍት የሚያየው ፎቶ ሁሉ ተመሳሳይ ነው፤ ነጭ አንሶላ፣ ሰማያዊ መዋኛ ገንዳ፣ በመስኮቱ በኩል ወንዝ ወይም ፒራሚድ፣ ከሥሩም አምስት ኮከብ። የአንዱ ዋጋ ግን የሌላው እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ፎቶው አይናገርም። ወዳጆቼ አልጋ ከመያዛቸው በፊት «የትኛው ይሻላል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔ መልሼ የምጠይቃቸው ስንት ሌሊት እንደሚያድሩ ነው። ለአንድ ሳምንት የሚሄድ ሰው የሆቴሉን ቦታ ቢሳሳት የሚያካክስበት ቀን አለው። ሁለት ሌሊት ብቻ የሚያድር ሰው ግን ቦታውን ከተሳሳተ ከተማዋን ከታክሲ ወንበር ላይ አይቶ ይመለሳል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሆቴል ስም ከማወዳደር ይልቅ የከተማዋን አራት ወገኖች ያወዳድራል፤ የሆቴሎች ስም የሚነሣው ቦታውን ለማሳየት ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን እንደ እኛ ነው፤ ማለትም ፀሐይ ስትወጣ 12፣ እኩለ ቀን 6 ሰዓት።

## በምን እንመዝን?

ሰዓት። አርብ ማታ ገብቶ እሑድ ማታ የሚወጣ እንግዳ እንቅልፉንና ምግቡን ቀንሶ ከተማ ለማየት የሚቀረው ሰዓት ከሃያ ብዙም አይበልጥም። ካይሮ ደግሞ ሰፊ ናት። ዋናው አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ በሰሜን ምሥራቅ፣ ፒራሚዶቹ በደቡብ ምዕራብ፣ ወንዙ በመካከላቸው ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ መሐል ከተማው ታህሪር አደባባይ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ ፒራሚዶቹ ድረስ ደግሞ የዚያ እጥፍ ሊባል ይችላል። መንገዱ ክፍት ከሆነ ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በታች የሚያልቅ ነው። ካልሆነ ግን የመሐል ከተማው ድልድዮች ብቻቸውን አንድ ሰዓት ሊወስዱ ይችላሉ።

መንገዱ መቼ ክፍት እንደሚሆን ለማወቅ የከተማዋን ሳምንት ማወቅ ይበቃል። በግብፅ የሥራ ዕረፍት አርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ እንደ እኛ ሰኞ ሙሉ የሥራ ቀን ነው። ሐሙስ ማታ ሁሉም ከቤቱ ስለሚወጣ መንገዱ ይጠቀጠቃል። አርብ ጠዋት እስከ ጁምዓ ሶላት ድረስ ግን ያቺው ከተማ ጭር ትላለች፤ ከናይል ዳር ፒራሚድ ለመድረስ ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው በራሱ ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ ይህን አርብ ያጣዋል፤ የእሑዱ መጨናነቅም ሳይጠብቀው ይገጥመዋል። አንድ ቀን ዕረፍት ጠይቆ ሐሙስ ማታ መብረር የሚችል ሰው ቢያደርገው እመክራለሁ፤ ለክፍል ደረጃ ከሚጨምረው ገንዘብ ይልቅ ያ አንድ ቀን ይጠቅመዋል። ከሪያድ ወይም ከኩዌት የሚመጡ ወገኖቻችን ዕረፍታቸው ከካይሮ ጋር ስለሚገጥም በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል አላቸው። እሑድን መጠቀም የግድ ከሆነ ደግሞ ሩቁን ቦታ ቅዳሜ፣ በእግር የሚደረሰውን እሑድ ማድረግ ነው።

ክፍሉ ራሱ። በካይሮ የቅንጦት ሆቴሎች ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ክፍሎች በጣም ይለያያሉ፤ ለምን ያህል ብር ምን እንደሚያገኙ የሚወስነውም ከሆቴሉ ስም ይልቅ ክፍሉ የተሠራበት ክንፍ፣ ፎቁና የሚያየው አቅጣጫ ነው። «ናይል የሚያይ»፣ «ናይል በከፊል የሚያይ»፣ «ከተማ የሚያይ» የሚሉት ሦስት ቃላት ሦስት የተለያዩ ዋጋዎች ናቸው።

በዚህ ላይ ትምህርት ያገኘሁት በራሴ ገንዘብ ነው። አንድ ጊዜ ለእናቴ ብዬ «ፒራሚድ የሚታይበት» ተብሎ የተጻፈ ክፍል ያዝኩ። በረንዳ የለውም፤ መስኮቱም አይከፈትም። ፒራሚዱን ለማየት እናቴ ወንበር ወደ መስኮቱ ጥግ አስጠግታ፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋ ወደ ግራ መዞር ነበረባት፤ ያኔ ከአንድ የውኃ ታንከርና ከሁለት የሳተላይት ሳህኖች በላይ የድንጋዩ ጫፍ ብቅ ይላል። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ወጣት የያዝኩበትን ወረቀት አየና በትሕትና «ይታያል አይደለም እንዴ?» አለኝ። ሐሰት አልነበረም፤ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ፊት ለፊት ያይ እንደሆነ፣ በረንዳ እንዳለውና ከስንተኛ ፎቅ በላይ እንደሆነ በጽሑፍ ካልተመለሰልኝ አልከፍልም።

ሌላው የክፍል ጉዳይ ድምፅ ነው። ሐሙስና አርብ ማታ በትልልቆቹ ሆቴሎች ሠርግ አይጠፋም፤ ሙሽሮቹ በከበሮና በጡሩምባ ታጅበው ሲገቡ ሳሎኑ ይናጋል፤ ሙዚቃውም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሊዘልቅ ይችላል። እንደ እንግዳ ቆሞ ማየቱ ደስ ያሰኛል፤ ከአዳራሹ በላይ ባለው ፎቅ ተኝቶ መስማቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ትክክለኛው ዋጋ። በግብፅ ሆቴል ዋጋ ሲነገር ከኋላው ሁለት የመደመር ምልክት ካዩ ሰርቪስና ታክስ አልተጨመረም ማለት ነው። ሰርቪሱ 12 በመቶ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 14 በመቶ ነው፤ ታክሱ የሚሰላው ብዙ ጊዜ ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ 300 ዶላር የተባለው ክፍል መጀመሪያ 336፣ ቀጥሎ 383 ዶላር ይሆናል። ሁለት ሌሊት 600 ብሎ ያሰበ ሰው 766 ይከፍላል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ሆቴሎችን ሲያወዳድሩ ሁለቱንም በመጨረሻው ድምር ያወዳድሩ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። የግብፅ ፓውንድ በመጋቢት 2024 በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ31 ፓውንድ ገደማ ወደ 50 ገደማ ወጣ። ትልልቆቹ ሆቴሎች ለውጭ አገር ሰው የክፍል ዋጋ የሚያወጡት በዶላር ስለሆነ ክፍሉ አልረከሰም፤ ከሆቴሉ በር ውጭ ያለው ምግብ፣ ታክሲና ቡና ግን በዶላር ለሚያስብ ሰው በጣም ቀለለ። ስለዚህ በእግር ወጥተው የሚበሉበት ሰፈር ያለው ሆቴልና በዙሪያው ምንም የሌለው ሆቴል የክፍል ዋጋቸው እኩል ቢሆንም የጉዞው ወጪ እኩል አይሆንም።

ምግብ። በጾም ወራት ለሚጓዝ ምእመን ካይሮ ከብዙ ከተሞች ትሻላለች። ፉል፣ ከባቄላ የሚሠራው ጣዕሚያ፣ ከሩዝ፣ ከምስርና ከፓስታ የሚደባለቀው ኮሸሪ የአገሬው የዘወትር ምግብ ናቸው። ግብፃውያን ክርስቲያኖች የጾም ምግብን «ሲያሚ» ይሉታል፤ ቃሉን ለአስተናጋጅ ቢናገሩት ይገባዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ በኮፕት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በአንዳንድ አጽዋማት ዓሣ ስለሚፈቀድ ሲያሚ የተባለው ሳህን ላይ ዓሣ ሊመጣ ይችላል፤ የማይበሉ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ።

## ናይል ዳር፦ ጋርደን ሲቲ፣ ታህሪር፣ ቡላቅ

በወንዙ ምሥራቅ ዳር ከጋርደን ሲቲ እስከ ቡላቅ የተደረደሩት ረጃጅም ሆቴሎች ካይሮ ስትባል ሰው በሐሳቡ የሚስላቸው ናቸው። ታህሪር ላይ ያለው የዛሬው ሪትዝ ካርልተን በ1959 ናይል ሂልተን ተብሎ የተከፈተው ሕንፃ ነው፤ ጎረቤቱ በ1902 የተከፈተው የግብፅ ሙዚየም ነው። ወደ ደቡብ ሲሉ ፎር ሲዝንስ ናይል ፕላዛና ኬምፒንስኪ፣ ወደ ሰሜን ሲሉ ሴንት ሬጂስ ይገኛሉ። በአገልግሎት፣ በአልጋ ጥራትና በጸጥታ እርስ በርሳቸው የሚቀራረቡ ስለሆኑ በመካከላቸው ለመምረጥ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ በዕለቱ የተሻለ ዋጋ ያቀረበውን መያዝ ነው።

የዚህ ወገን ትልቁ ጥቅም መሐልነቱ ነው። ሙዚየሙ በእግር ነው። ወደ ጥንታዊቷ የክርስቲያኖች ሰፈርም በሜትሮ በመጀመሪያው መስመር ከሳዳት ጣቢያ ተነሥቶ ማር ጊርጊስ መውረድ ይቻላል። ጣቢያው በር ላይ የባቢሎን ምሽግ ይታያል፤ በምሽጉ በር ላይ የተሠራችው «ሙዓለቃ» የምትባለው ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ናት። አርብና እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ለማስቀደስ የሚሄድ ሰው በጠዋት፣ ለማየት ብቻ የሚሄድ ደግሞ ረፋዱ ላይ ቢደርስ ይሻላል። የቤተ ክርስቲያናችን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ በ1959 የተሾሙት በዚህችው ከተማ ነበር፤ በ1968 የአባሲያው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል። ለዚህ ታሪክ ሲባል ወደ ካይሮ ለሚሄድ ሰው ከናይል ዳር የተሻለ ማደሪያ አላገኘሁም።

አቅጣጫን በተመለከተ፣ በምሥራቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች ናይልን የሚያዩት ወደ ምዕራብ ዞረው ስለሆነ የሚያገኙት የፀሐይ መጥለቂያን ነው። አየሩ ጥርት ካለና ፎቁ ከፍ ካለ ፒራሚዶቹ በሩቁ እንደ ሦስት ጉብታ ይታያሉ። ፀሐይ ስትወጣ ማየት የሚፈልግ ግን ከወንዙ ማዶ በጊዛ ዳር ያሉትን፣ ለምሳሌ ፈርስት ሬዚደንስ የሚባለውን ይመልከት።

ከዋጋው የማያስቆጨኝን አንድ ነገር ልናገር። ጎህ ሲቀድ፣ የመኪናው ጥሩምባ ገና ሳይጀምር፣ በረንዳ ላይ ቆሜ ሁለት ዓሣ አጥማጆች በትንሽ ቀለም የተቀባ ጀልባ ከታች ሲያልፉ አየሁ። አንዱ ይቀዝፋል፤ ሌላው ዓሣውን ወደ መረቡ ለመንዳት ውኃውን በረጅም ዱላ ይመታል። ድምፁ እስከ አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ይሰማ ነበር። ያ ውኃ አብዛኛው ከእኛ ደጋ የወረደ ነው፤ ጢስ ዓባይን በልጅነቱ ያየ ሰው እዚያ ቆሞ ምን እንደሚሰማው በወረቀት ማስፈር አልችልም። ለአንድ ኢትዮጵያዊ «ናይል የሚያይ ክፍል» የሚለው ጭማሪ ክፍያ ለሌላው ቱሪስት ከሚሰጠው የበለጠ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ፤ በጀትዎ የሚፈቅድልዎ አንድ ጭማሪ ብቻ ከሆነ በዚህ ላይ ያውሉት።

ጉድለቱ ድምፅ ነው። ማታ ማታ ባለ መብራት የመዝናኛ ጀልባዎች ሙዚቃቸውን ከፍተው ይመላለሳሉ፤ ኮርኒሽ የሚባለው የወንዝ ዳር መንገድም አያርፍም። ከአሥረኛ ፎቅ በላይ መጠየቅ ችግሩን በአብዛኛው ይቀንሰዋል።

## ዛማሌክ፦ በደሴቲቱ ላይ

ዛማሌክ በናይል መካከል ባለችው ደሴት ሰሜናዊ ክፍል ያለ ሰፈር ነው፤ ዛፍ ያለበት መንገድ፣ ኤምባሲዎች፣ የመጻሕፍት መደብሮችና የሥዕል ጋለሪዎች፣ በእግር የሚደረስባቸው ምግብ ቤቶች አሉት። ከዚህ የሚነሣው ዋናው ሆቴል ካይሮ ማሪዮት ሲሆን መሐሉ የያኔው የግብፅ ገዥ ኬዲቭ ኢስማኤል በ1869 ለስዊዝ ቦይ ምረቃ ለሚመጡ እንግዶች፣ በተለይም ለፈረንሳይዋ ንግሥት ኡዤኒ፣ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። ኢስማኤል የሚለው ስም ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ የተሸነፈውን ጦር የላኩት እኚሁ ሰው ናቸው። ቤተ መንግሥቶቹም ጦርነቱም ከውጭ በተበደሩት ገንዘብ ነበር፤ ግብፅ በ1876 ዕዳዋን መክፈል አቃታት፤ እሳቸውም በ1879 ከሥልጣን ወረዱ። በዚያ እብነ በረድ ላይ ስሄድ ይህን ሳላስብ አልፌ አላውቅም።

ለመራጩ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ እንግዳው የሚያድረው በቤተ መንግሥቱ ውስጥ አይደለም። ቤተ መንግሥቱ መቀበያ፣ አዳራሽና ምግብ ቤት ሆኗል፤ ክፍሎቹ በግራና በቀኝ በቆሙት ሁለት ዘመናዊ ሕንፃዎች ውስጥ ናቸው፤ ቁጥራቸውም ከሺህ በላይ ነው። ስለዚህ ንጉሣዊ መኝታ ብሎ የሚሄድ ሰው ተራ፣ ንጹሕና ምቹ የሆነ የሆቴል ክፍል ያገኛል፤ የሚከፍለው ለአትክልት ስፍራውና ለሰፈሩ ነው። የአትክልት ስፍራው ግን እውነትም የሚከፈልበት ነው። ከድልድዩ ጩኸት ወጥተው ከዛፎቹ ሥር ሲቀመጡ ከተማው የጠፋ ይመስላል፤ ልጆች ይሮጣሉ፤ የካይሮ ቤተሰቦች ለሻይ ይመጣሉ። ሰው ብዙ ስለሆነ ቁርስ ላይ ወረፋ ሊኖር ይችላል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መውረድ ይሻላል።

የሰፈሩ ጥቅም ወጪ ላይ ይታያል። እራትን ከሆቴሉ ውጭ በ26 ሐምሌ መንገድ ዙሪያ በልተው በእግር ሊመለሱ ይችላሉ። ከ2022 ወዲህ የሜትሮው ሦስተኛ መስመር ሳፋ ሒጃዚ በሚባለው ጣቢያ ዛማሌክ ስለሚያቆም በእሑድ መጨናነቅ ላይም መላ አለ። በዋጋም ብዙ ጊዜ ከጋርደን ሲቲዎቹ ዝቅ ይላል። በአጭሩ ዛማሌክ ፎቶ ላይ ከሚመስለው ያነሰ፣ ኑሮው ላይ ግን ከሚገመተው የበለጠ ነው።

## ጊዛ፦ ፒራሚድ ሥር

እዚህ የሚነሣው ሜና ሃውስ ነው። በ1869 የኢስማኤል የአደን ማረፊያ ነበር፤ በ1886 ሆቴል ሆነ። ኅዳር 1943 ሩዝቬልት፣ ቸርችልና ቺያንግ ካይ ሼክ የተሰበሰቡት በዚሁ ግቢ ነው። ከመዋኛው ዳር ቀና ሲሉ የኩፉ ፒራሚድ ፊት ለፊት ተገትሮ ይታያል፤ ሲሠራ 146 ሜትር ተኩል ያህል የነበረው ቁመቱ ዛሬ ወደ 138 ሜትር ዝቅ ብሏል፤ ያም ሆኖ ከቅርብ ሲታይ ሰማዩን ይጋርዳል። ማታ ጎብኚው ሁሉ ሄዶ ድንጋዩ ብቻውን ሲቀር ማየት፣ ጠዋትም ተነሥቶ መልሶ ማየት፣ በከተማው መሐል አድሮ የሚገኝ አይደለም።

ሁለት ነገሮች ግን የዚህን ወገን ሒሳብ ለውጠውታል። አንደኛው፣ ከ2025 ወዲህ ወደ ፒራሚዶቹ ሜዳ የሚገባው በፋዩም መንገድ በኩል በተሠራው አዲስ በር ነው፤ ከዚያም ጎብኚውን በኤሌክትሪክ የሚሄዱ አውቶቡሶች ያመላልሱታል። «ከሆቴሉ ወጥቼ በእግሬ እገባለሁ» የሚለው የድሮ ምክር አልፎበታል፤ ጥቂት ደቂቃም ቢሆን መኪና ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ታላቁ የግብፅ ሙዚየም በኅዳር 2025 መጀመሪያ በይፋ ተከፍቷል፤ ቦታውም ከፒራሚዶቹ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቱታንክሃሙን መቃብር ዕቃዎች፣ ከአምስት ሺህ በላይ የሆኑት፣ አሁን ያሉት በዚያ ነው፤ በመግቢያው አዳራሽ 11 ሜትር የሚቆመው የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ይቀበልዎታል። ቀድሞ በጊዛ ማደር ለአንድ ጠዋት ሥራ ሲሉ ሙሉ ጉዞውን ከከተማ ማራቅ ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ቀን ተኩል የሚሞላ ነገር በዙሪያው አለ። ከአምስት ዓመት በፊት ቢጠይቁኝ ጊዛን ለሁለት ሌሊት አልመክርም ነበር፤ አሁን ሐሳቤን ለውጫለሁ።

ጉድለቱ ደግሞ ርቀቱ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው እጅግ የሚርቀው ይህ ነው። ከሆቴሉ በር ውጭ በእግር የሚሄዱበት ሰፈር ስለሌለ እራትዎም ብዙ ጊዜ እዚያው በሆቴሉ ዋጋ ይሆናል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚነፍሰው ኸምሲን የሚባለው የአሸዋ ነፋስ ሲነሣ ከበረሃው አፍ ላይ ስለሆነ ፒራሚዱ ራሱ ይጠፋል። ክፍል ሲይዙ ደግሞ የአትክልት ወገን የሚባሉትና ፒራሚዱን ፊት ለፊት የሚያዩት በጣም ስለሚለያዩ ከላይ የነገርኳችሁ የእናቴ ታሪክ በተለይ እዚህ ይሠራል። ፒራሚድ ሥር አድሮ ፒራሚድ የማያይ ክፍል መያዝ ትርጉም የለውም፤ ለሚታይበት ክፍል የሚበቃ ገንዘብ ከሌለ ዛማሌክ አድሮ በመኪና መምጣት ይሻላል።

## ሄሊዮፖሊስና አውሮፕላን ማረፊያው

ሄሊዮፖሊስን ቤልጅጋዊው ባሮን ኤምፓ ከ1905 ጀምሮ በበረሃ ላይ የቆረቆረው ሰፈር ነው። አዳዲስ የቅንጦት ሆቴሎች ተከፍተውበታል፤ ክፍሎቹ ሰፊና ዝምተኛ ናቸው፤ ማረፊያው ቅርብ ነው። ካይሮን ለማየት ለመጣ ሰው ግን ወንዙም ፒራሚዱም ሩቅ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በካይሮ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱና አንድ ሌሊት ብቻ አርፈው የሚቀጥሉ፣ ወይም ከሕፃን ጋር ሌሊት የሚያርፉ መንገደኞች ይጠቀሙበታል፤ ለሌላው ምክንያት አይታየኝም።

## በአንድ ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | ናይል ዳር | ዛማሌክ | ጊዛ | ሄሊዮፖሊስ |
|---|---|---|---|---|
| ከአውሮፕላን ማረፊያ | መካከለኛ | መካከለኛ | በጣም ሩቅ | ቅርብ |
| ከፒራሚዶችና ከአዲሱ ሙዚየም | በአርብ ጠዋት ቀላል፣ በእሑድ ከባድ | እንደ ናይል ዳር | አጠገቡ | በጣም ሩቅ |
| ከጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት | ቅርብ፣ በሜትሮ | መካከለኛ | ሩቅ | ሩቅ |
| እይታ | ወንዝ፣ ፀሐይ መጥለቂያ | የአትክልት ስፍራ፣ በከፊል ወንዝ | ፒራሚድ | የሚጠቀስ የለም |
| ጸጥታ | ከፍ ባለ ፎቅ ደህና | ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| በእግር ወጥቶ መብላት | ይቻላል | ከሁሉ የተሻለ | አይመችም | በመኪና |
| የክፍል ዋጋ | ከፍተኛ | መካከለኛ | እንደ እይታው ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ከክፍል ውጭ ያለ ወጪ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ |

## ለማን የትኛው?

ካይሮን መጀመሪያ ለሚያይና ሐሙስ ማታ ለሚገባ ሰው ናይል ዳርን እመርጥለታለሁ፤ አርብ ማለዳ ፒራሚድና አዲሱ ሙዚየም፣ ቅዳሜ የታህሪሩ ሙዚየምና ሙዓለቃ፣ ማታ በረንዳ። ዓርብ ማታ ገብቶ እሑድ ማታ ለሚወጣ ግን ምርጫው ይጠባል። ቅዳሜን በጊዛ ካዋለ እሑድን በመሐል ከተማ ማሳለፍ አለበት፤ ለዚህ የሚመቸው ሜትሮ ያለው ናይል ዳር ወይም ዛማሌክ ነው።

ለጫጉላ ለሚሄዱ ጊዛ፣ ፒራሚዱን ፊት ለፊት የሚያይ በረንዳ ያለው ክፍል፤ ከግቢው ብዙም ሳይወጡ። ሁለት ሆቴል መቀያየር የሚያስቡ ካሉ፣ ለሁለት ሌሊት አልመክርም፤ አንዱ ሆቴል እስከ 6 ሰዓት አስወጥቶ ሌላው እስከ 9 ሰዓት ስለማያስገባ ግማሽ ቀን ሻንጣ ሲጠበቅ ያልፋል።

ከልጆች ጋር ዛማሌክ፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ ቦታውም መሐል ነው። በዕድሜ ከገፉ ወላጆች ጋር ለጸሎትና ለመሳለም የሚሄዱ ናይል ዳርን ይያዙ፤ ነገር ግን የሜትሮውን ደረጃ ትተው መኪና በመተግበሪያ ይጥሩ፤ ዋጋው አስቀድሞ ስለሚታይ ክርክር የለበትም።

በጀቱ ጠበብ ላለ ሰው ዛማሌክ ከተማ የሚያይ ክፍል ይዞ፣ ቁርስ ሳይጨምር፣ ውጭ መብላት ከሁሉ ያዋጣል። ሰፋ ላለው ደግሞ ገንዘቡን ለትልቅ ክፍል ከማዋል ይልቅ ለእይታና ለከፍተኛ ፎቅ ያውለው፤ በሁለት ሌሊት ውስጥ ሳሎን ያለው ክፍል ሳሎኑ ሳይቀመጡበት ይቀራል።

ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ለሆቴሉ አንድ ኢሜይል ይጻፉ፤ የስልክ ቃል አይበቃም። የሚጠየቁት አምስት ናቸው፦ የመጨረሻው ድምር ከነሰርቪሱና ከነታክሱ ስንት ነው? ክፍሉ በየትኛው ክንፍ፣ ከስንተኛ ፎቅ በላይ ነው፣ እይታውስ ሙሉ ነው ወይስ ከፊል? በረንዳ አለው? በዚያ ሌሊት ሠርግ ካለ አዳራሹ በየት በኩል ነው? በክረምቱ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ መዋኛው ይሞቃል ወይ? የካይሮ ጥር ሌሊት ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳልና።

በረራዎ ሌሊት የሚያርፍ ከሆነ ስድስተኛ ጥያቄ ይጨምሩ። አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ለሚደርስ እንግዳ ክፍሉ የሚያዘው ከአርብ ቀን ጀምሮ ነው፤ ቅዳሜ ብለው ከያዙ ግን ክፍሉ እስከ ቅዳሜ ቀን 9 ሰዓት ላይሰጥዎ ይችላል። በኢሜይሉ ላይ የሚያርፉበትን ቀንና ሰዓት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ከበረራ ቁጥሩ ጋር ጽፈው፣ አልጋው ከየትኛው ሌሊት እንደተያዘ በግልጽ እንዲመልሱልዎ ያድርጉ።